አንድ ቋጠሮ ጀንፈል

«ተረት ተረት» ብዬ አልጀምርም፤ ነገሩ ተረት አይደለማ። የአውቶቡስ ወሬ ነው። ቢሆንም ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ከአዲስ አበባ ነገሌ ቦረና ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ እንዲህ ያለ መንገድ ያለ ወሬ አይገፋም።

ቦሬ ላይ ለምሳ ቆመናል። ቦሬን ለማታውቋት፣ የጉጂ ደጋ ናት፤ እንሰትና ገብስ፣ ቀርከሃና ጭጋግ። ነገሌ ቆላ ነው ሲባል የሰማ እንግዳ በስስ ሸሚዝ ይሳፈርና ቦሬ ላይ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ሻይ ያዛል። ሾፌሮቹ ይህን ስለሚያውቁ ይስቁበታል። እኔ አይስቁብኝም፤ ጋቢዬን ይዤ ነው የምሄደው። የነገሌ ልጅ ነኝ።

አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት ለምሳ አልወረዱም። ጉልበታቸው ላይ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አቅፈዋል። ረዳቱ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ሦስት ጊዜ «እማማ፣ እላይ ልስቀልልዎት» ብሏቸዋል፤ ሦስት ጊዜም አልሰሙም። መስማት አቅቷቸው እንዳይመስላችሁ። ሻይና ዳቦ ይዤላቸው ስመለስ በሚያውቁት ቋንቋ «ነጋ፣ አኮ?» አልኳቸው። ሰላም ነው፣ አያቴ፣ ማለት ነው። ፊታቸው በራ። «ነጋ፣ ነጋ» አሉና ቀና ብለው አዩኝ፤ ወዲያው ቦረና የሆነ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቁኝ፤ «የማን ልጅ ነህ?»

እንግዲህ እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ላውራላችሁ።

አባቴ የመንዝ ሰው ነበር። ነገሌ ያመጣው ወታደርነት ነው፤ የአራተኛ ብርጌድ ባልደረባ ነበር። ያ ብርጌድ ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ። የወታደሩ የውሃ መሳቢያ ተበላሽቶ፣ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ ቅዱ የሚል ጠፍቶ፣ ምግቡም የሚበላ አልሆን ብሎ፣ ወታደሩ አደመ። ሊያነጋግሯቸው የመጡትን የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ደረሰ ዱባለን አገቷቸውና «የምንበላውን ብሉ፣ የምንጠጣውን ጠጡ» አሏቸው። አብዮቱ የጀመረው አዲስ አበባ ነው የሚል ካለ፣ የነገሌ ሰው ፈገግ ብሎ ያልፈዋል።

እኔ ግን ልላችሁ የፈለግሁት ሌላ ነው። ያ ሁሉ የሰሜን ወታደር እዚያ ቆላ ላይ ቤት ሠርቶ፣ ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ ሲኖር አገሩን በጓዙ ይዞ ነበር የመጣው። እናቴ ጌሾ በማይበቅልበት ጠላ ትጠምቅ ነበር፤ ጌሾው በነጋዴ ይመጣላታል። በወር በወሩ ጽዋ ትዘክራለች። የወተት ቅሏን በወይራ ታጥናለች። አባቴ ደግሞ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ፊቱ ያቆመኝና «ቁጠር!» ይለኛል። የአባቱን አባት፣ የዚያን አባት፣ እስከ ሰባት ቤት። ስሳሳት በኩርኩም። እኔም ለኩርኩሙ ስል እቆጥር ነበር።

አኮ «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉኝ ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ላይ ቀረሁ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ ነው የምላችሁ። አባቴ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ «ቁጠር» ያለኝ ሰው የለም። አኮ አልሳቁብኝም። «ይመጣልሃል፣ ልጄ፤ መንገድ ላይ ነን» አሉኝና ሻያቸውን ጠጡ። አልመጣልኝም። እስከዛሬም አልመጣልኝም።

አውቶቡሱ ተነሣ። ከቦሬ ቁልቁል ወደ ክብረ መንግሥት፣ ቀርከሃው ለዛፍ፣ ዛፉ ለቀይ አፈር እየለቀቀ ይሄዳል። ሙቀቱ ሲመጣ አኮ ነጠላውን ከጥቅሉ ላይ ገለጡት። ጎርፋ ነው። ያላየ ካለ፣ ጎርፋ ማለት የቦረና ሴቶች ከተክል ጭረት ጠበቅ አድርገው የሚሰፉት የወተት ዕቃ ነው፤ ስፌቱ ጠብታ አያሳልፍም፤ ውስጡ በጭስ ይታጠናል፣ ወተቱም ያንን ሽታ ይይዛል። ኢቲቱ የሚባለው የረጋ ወተት በሱ ውስጥ ሰንብቶ የሚቆይ ነው። ባዶ ነበር። ክዳኑን ከፈት አድርገው እንዳሸት ሰጡኝ። ወይራ። የእናቴ ቅል ሽታ። እንግዲህ አስቡት፤ አንዷ ከመንዝ፣ አንዷ ከነገሌው ሊበን፣ በአንድ ዛፍ ጭስ ነው ወተት የሚያሳድሩት።

ለምን አዲስ አበባ እንደከረሙ አወጉኝ። ልጃቸው እዚያ ሥራ ይዞ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ ሚስቱ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ወለደች። አገር ቤት ቢሆን ለመጀመሪያ ወንድ ልጅ ጉቢሳ አለ። ጋልማ የሚባል ቤት ተሠርቶ፣ ወገን ተሰብስቦ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲዜም ያድርና ልጁ ስም ያገኛል። አራተኛ ፎቅ ላይ ጋልማ የት ይሠራል? ሌሊቱን ሙሉ ይዜም ቢባልስ ጎረቤት ምን ይላል?

ከሁሉ የባሰው ግን ስሙ ነበር። ቦረና ልጁን የሚጠራው በተወለደበት ሰዓትና ሁኔታ ነው። ቀን የተወለደ ጉዮ፣ ሌሊት የተወለደ ሀላኬ፣ ሲመሽ የተወለደ ገልገሎ፣ ጎህ ሲቀድ የተወለደ ቦሩ። ዝናብ ላይ የመጣ ሮባ ነው፤ በበዓል ሥርዓት ሰሞን የመጣ ጂሎ፤ ከብት ሲነዳ፣ ሰፈር ሲለቀቅ የተወለደ ጎዳና። ስም ስትሰሙ የአንድን ሰው የልደት ሰማይ ትሰማላችሁ። ይህ ልጅ የተወለደው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከምናምን ነው። ሀላኬ ነው ቦሩ?

ስልክ ተደወለ። አኮ ሊበን ሆነው ይጠይቃሉ፣ ልጃቸው ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ ይመልሳል።

«ሰማዩ እንዴት ነበር?»

«አላየሁም፣ እማዬ። ውስጥ ነበርኩ፤ መብራት ነው ሁሉ።»

«ወፍ ጮኸ?»

«እዚህ ወፍ የለም።»

«ዶሮስ?»

ዶሮም የለም። በመጨረሻ የሆስፒታሉ ዘበኛ ተጠየቀ። ዘበኛው አስቦ አስቦ፣ «የሱብሂ አዛን ካለ በኋላ ነው አዋላጇ የወጣችው» አለ። አዛን ካለማ ጎህ ቀዷል። ልጁ ቦሩ ሆነ። አኮ ይህን ሲነግሩኝ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ የቦረና ልጅ ስሙን ከሙአዚን አገኘ አሉ።

በኅዳር 2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ አዲስ አበባ ተሰብስቦ የገዳን ሥርዓት በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሯል። ደስ ብሎኛል። መዝገብ ግን ለሆስፒታል ዘበኛ ስልክ አይደውልም፤ የሚደውል ሰው ያስፈልጋል።

ደግሞ የገዳ ነገር ከተነሣ አንድ የሚደንቀኝን ልጨምር። ልጁ የትም ይወለድ፣ የየትኛው የገዳ ክፍል እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል። የሚወስነው ዕድሜው አይደለም፣ አባቱ ነው። ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይረከባል፤ አምስት ተራ ስላለ አባትና ልጅ 40 ዓመት ተራርቀው በአንድ ተራ ይሰለፋሉ። በ2009 ዓ.ም. ኩራ ጃርሶ 71ኛው አባ ገዳ ሆኑ፤ በ2017 ዓ.ም. ለ72ኛው ለጉዮ ቦሩ አስረከቡ። 71 ጊዜ 8 ስንት ነው? 568 ዓመት። አስመሮም ለገሠ የሚባሉ አጥኚ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ቦረና ገብተው ያጠኑትና በኋላ በመጽሐፍ ያወጡት የአባ ገዳዎች ዝርዝር በሽማግሌ አፍ የተያዘ ነው፤ ወደ ኋላ ሲቆጠር እስከ ገዳዮ ገልገሎ ይደርሳል። እኔ አምስተኛው አባቴ ላይ ቀርቻለሁ፤ የቦረና ሽማግሎች 71 ያህል አባ ገዳ ከነዘመኑ ይቆጥራሉ። ያ ኮንዶሚኒየም ላይ የተወለደ ሕፃን እንኳ ተራው ወጥቶለታል።

አኮ አዲስ አበባ የሄዱት ጎርፋውንና አንድ ቋጠሮ ጀንፈል ይዘው ነው። ጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና። ለምን ቢባል ለቡና ቀላ። «ቀላ» ማለት ማረድ ነው፤ ቡናው ይታረዳል። የፍሬው ጫፍ በጥርስ ይነከሳል፣ ያ ነው መታረዱ። ከዚያ በቅቤ ይጠበሳል፤ ፍሬው ሲፈነዳ ድምፁ ይሰማል፤ ወተት ይጨመርበታል፤ ይመረቃል፣ ቅቤው ግንባር ይቀባል፣ ፍሬው እየታደለ ይታኘካል። በሬ ወይም በግ በማይታረድበት ቀን ቡና ይታረዳል።

አኮ ማሰሮውን ጣዱ። ጎርፋውን ለማጠን ወይራውን ከሰል ላይ አደረጉ። ጭሱ ገና በመስኮት ሲወጣ በሩ ተደበደበ፤ ከላይ ፎቅ ያሉት ሴትዮ ቤት የተቃጠለ መስሏቸው በባዶ እግራቸው ወርደዋል። ነገሩ ሲነገራቸው ገብተው ተቀመጡ። ጉራጌ ናቸው አሉ፤ ቅቤ ከነሱ ቤት ጨምረው መጡ። ወተቱ ግን አስቸገረ። ከሱቅ የተገዛ የላስቲክ ወተት ነበር። አኮ ላስቲኩን እያገላበጡ አዩትና «ላሟን ማን ያውቃታል?» አሉ። ለቦረና ላም ስም አላት፣ እናት አላት፣ የእናቷ እናት አላት። ይህ ወተት የማን ልጅ ነው? መልስ የለም። እንደኔ።

ታዲያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ወተቱን በታጠነው ጎርፋ ውስጥ ገለበጡትና አሳደሩት። በማግስቱ ጠዋት ያንኑ ወተት ቡናው ላይ ጨመሩ። «ሲገባ የማንም ነበር፣ ሲወጣ የኛ ሆነ» አሉኝ።

ስለዚች ጀንፈል ብዙ አሰብኩ፤ መንገዱም ያሳስባል። ቦረና ቡና አያበቅልም። የሊበንና የድሬ ሜዳ የከብት እንጂ የቡና አገር አይደለም። ቡናው ከጥንትም የሚወርደው ከዚህ ከጉጂ በኩል፣ ከእነ ሻኪሶ አካባቢ ነው፤ ከታች ደግሞ የኤል ሶድ ጨው በአህያ ጀርባ ይወጣል። የቦረና ቤት እምብርት ላይ ያለው ነገር ከገበያ ተገዝቶ፣ በቋጠሮ ታስሮ የመጣ እንግዳ ነው። ለዚህ ይመስለኛል አራተኛ ፎቅ መውጣት ያልከበደው። ኤላዎቹ አይሄዱም፤ ዱብሉቅ፣ መልባና፣ ዋጪሌ፣ ሰው በሰው ትከሻ ቆሞ እየዘፈነ ውሃ የሚቀዳባቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ካሉበት አይነቃነቁም። ከብቱም አይሄድም። ቡናዋ ግን ድሮም መንገደኛ ናት።

ይህ የኔ ፍልስፍና እንዳይመስላችሁ፤ ሆኖ የታየ ነገር ነው። ኬንያ ውስጥ፣ በኢሲኦሎ አካባቢ፣ የዋሶ ቦረናዎች አሉ። እንግሊዞች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መስመር አስምረው ከሰሜን ወገናቸው ቆረጧቸው። አባ ገዳው ሩቅ፣ የበዓሉ ቦታ ሩቅ ሆነ፤ አብዛኞቹ ሰለሙ፤ ቋንቋውና ስሙ እንጂ ሥርዓቱ እየሳሳ ሄደ። ከዚያ ከ1963 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. የሽፍታ ጦርነት የሚባለው መጣ። ሕዝቡ በጥበቃ ካምፕ ታጎረ፣ ከብቱ አለቀ። ከብት የሌለው ቦረና ምን ያርዳል? ማሪዮ አጊላር የሚባል አጥኚ ያንን ሕዝብ ተከታትሎ እንደጻፈው፣ ቡና ቀላ ነፍስ የዘራው ከዚያ በኋላ ነው። በየቤቱ፣ በሴቶች እጅ፣ በአንድ ማሰሮ። ከብቱ ሲያልቅ፣ ከጓዳ ያች ጀንፈል ወጣች።

እኛስ ጋ ቢሆን? ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፎ ገናና ሀገያ የሚባሉት ዝናቦች ሁለቱም ሲቀሩ፣ የቦረና ከብት ሜዳ ላይ ረገፈ። ዱብሉቅ የተፈናቃይ መጠለያ ሆነች። አኮ ስንት ላም እንደነበራቸው አልነገሩኝም፤ ቦረና ከብቱን ቆጥሮ አይናገርም፣ እኔም ነውሩን አውቃለሁና አልጠየቅሁም። «የቀሩትን በስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ ጥሪው ቶሎ ያልቃል» ብቻ አሉ።

ክብረ መንግሥትን ካለፍን በኋላ እንቅልፍ እንዳይወስዳቸው እኔ ደግሞ ያነበብኩትን አወጋኋቸው። አሜሪካ ውስጥ ቼሮኪ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች አሉ አልኳቸው። በ1838 እና 1839 እ.ኤ.አ. መንግሥት ከምሥራቅ አገራቸው በወታደር ነቅሎ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው፣ ነዳቸው፤ በመንገድ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ አለቁ። ከዚያ በፊት፣ በ1821 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ሴኮያ የሚባል ሰው ለቋንቋቸው ፊደል ሠርቶላቸው ነበር፤ እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችል ሰው፣ እንደኛ ሀሁ እያንዳንዱ ምልክት አንድ ድምፅ ከነአናባቢው የሚይዝ፣ ዛሬ 85 ምልክት ያለው ፊደል። እኔ በፊደሉ ነበር የተደነቅሁት። አኮ ግን ፊደሉን አለፉት።

«ከብታቸውን ይዘው ሄዱ?»

«የነሱ ነገር ከብት ሳይሆን በቆሎና ባቄላ ነው፣ አኮ።»

«ዘሩንስ?»

«ዘሩን በቋጠሮ ይዘው ሄደዋል ይባላል። እስካሁንም ይዘሩታል። በ2020 እ.ኤ.አ. ከዘሮቻቸው 9 ዓይነት ኖርዌይ ልከው፣ ስቫልባርድ በሚባሉ በረዷማ ደሴቶች፣ ተራራ ውስጥ ካለው የዓለም የዘር ማስቀመጫ አስገብተዋል።»

አኮ ዝም አሉ። ቆይተው፣ «በረዶ ውስጥ ያለ ዘር ማን ይበላዋል?» አሉ።

«ቢጠፋ እንዲገኝ ነው።»

«እሱስ ጥሩ ነው። ግን ዘር የሚቀመጠው ሲዘራ ነው» አሉና ጎርፋቸውን አመቻችተው አቀፉ። ሁለት ትክክል አለ አልኩ በልቤ። ከሁለት አንዱን ምረጥ ብባል የአኮን እመርጣለሁ፤ አባቴም ያንን ሰባት ቤት በወረቀት ጽፎልኝ ነበር፣ ወረቀቱ ቤት ስንለቅ ጠፋ። በኩርኩም የገቡልኝን አራቱን ይዤ ቀረሁ።

«ጎርፋውን ለምን መለሱት ታዲያ? ለምራትዎ ቢተዉላት አይሻልም?» ብዬ ጠየቅሁ።

እንደ ሕፃን አዩኝ። «ባዶ ጎርፋ አዲስ አበባ ምን ይሠራል? ግድግዳ ላይ ሊሰቅሏት ነው።» ልጃቸው ለማስጌጥ ምስማር መትቶ አዘጋጅቶ ነበር አሉ። እሳቸው ምስማሩን ሲያዩ ጎርፋዋን በነጠላ ጠቀለሏት።

ከዚያ ስለ ሀንዱራ ነገሩኝ። ሀንዱራ ማለት እምብርት ነው። ቦረና ልጅ ሲወለድ ጊደር ይሰጠዋል፤ ያች ጊደር ሀንዱራው ናት። ትወልዳለች፣ ልጆቿ ይወልዳሉ፣ ልጁ ጎረምሳ ሲሆን የራሱ መንጋ አለው። እኛ «እትብቴ የተቀበረበት» እንላለን፤ እነሱ እትብታቸውን ሣር ያግጧታል። የአዲስ አበባው ቦሩ ሀንዱራ ያስፈልገዋል። አባቱ በስልክ «ገንዘብ በባንክ ላስገባለት» ብሎ ነበር። አኮ የባንክ ደብተር ወተት አይሰጥም ብለው ዘጉበት። አውቶቡስ ላይ የተሳፈሩት እምብርት ሊመርጡ ነው።

«ጊደሯን አይተው ጨርሰዋል?»

«ገና አልተወለደችም። እናቷ ከብዳለች፤ ከነዚያ ከተረፉት ናት። ጊደር ከወለደች የቦሩ ናት። ወይፈን ከወለደች ደግሞ እንጠብቃለን።» ጎርፋውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ስትወልድ ወተቷን አረጋበታለሁ፣ ኢቲቱውን ይዤ እመለሳለሁ። ልጁ የላሟን እናት በአፉ ያውቃታል።»

ነገሌ የገባነው ከመሸ ነው። ከተማዋ አንዴ የሲዳሞ፣ አንዴ የቦረና፣ አንዴ የጉጂ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የምሥራቅ ቦረና ዞን ስትባል ስሟ ብዙ ሰሌዳ ቀይሯል፤ መናኸሪያው ግን ያው መናኸሪያ፣ አቧራውም ያው አቧራ ነው። የእህታቸው ልጅ በባጃጅ ሊወስዳቸው መጥቷል። ጎርፋውን ሊቀበላቸው እጁን ሲዘረጋ ሰጡት፤ ለረዳቱ ሦስት ጊዜ የከለከሉትን። ከጉያቸው አንድ ትንሽ ቋጠሮ ፈቱና ከተረፈው ጀንፈል አንድ እፍኝ መዳፌ ላይ አደረጉልኝ።

«ቅቤ አለህ?»

«እገዛለሁ፣ አኮ።»

«ወይራስ?»

«የእናቴ ጓሮ አለ።»

ባጃጁ ውስጥ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ አንገታቸውን ወጣ አድርገው፣ «አምስተኛውስ?» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት መንዝ ያሉትን የአባቴን ታናሽ እህት ስልክ ቁጥር ስፈልግ ዋልኩ።